ብረቱ ሳይሰማ ኤሌክትሮኑ ይሰማል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ዕድሜዬ 23 ነው። የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ነው። በያጅ ነበርኩ፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን በኮምፒውተር የሚታዘዝ የሌዘር መቁረጫ ላይ ተመድቤያለሁ። ከእርሱ ሌላ ስምና ቁጥር የምንጽፍበት ትንሽ የሌዘር ማሽን አለን። ብርሃን ክብደት የለውም፤ ታዲያ 8 ሚሊ ሜትር ላሜራ እንዴት ይቆርጣል? ትንሹ ማሽን ደግሞ ሲጽፍ ብረቱ ላይ ሰማያዊ ነጭ ብልጭታ ይንጣጣል፤ ወዲያው በእጄ ስነካው ግን ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ብረቱ ይቃጠላል» ይላል፤ ሌላው «አይደለም፣ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል» ይላል። አሠሪያችን መዳብ እንዳናስገባ ከልክሎናል፤ ምክንያቱን አልነገረንም። ዓይናችንስ? የብየዳ መነጽር ይበቃል?

አንድ የቀድሞ በያጅ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 31 ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር፣ ስለ ብርሃን ያስተማርኩት አብዛኛው ስለ መስታወትና ስለ ሌንስ ነበር። ብርሃን ብረት ሲነካ በብረቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልነገርኩም። ይህ ይቆጨኛል፤ ስለዚህ አንተን በጥቂት መስመር ላሰናብትህ አልፈልግም።

መኖሪያዬ ኮዬ ፈጬ ስለሆነ ካንተ ሩቅ አይደለሁም። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ወደሚሠራበት ተመሳሳይ ሥራ ቤት ሄጄ ማሽኑን ቆሜ አየሁት። ለግቢ በር የሚሆን የሐረግ ጌጥ ከ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ እየቆረጠ ነበር። ሐረጉ ከተጋመሰ በኋላ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ክዳኑን ከፍተው ላሜራውን እንድነካ ፈቀዱልኝ። ከተቆረጠው መስመር ሁለት ጣት ርቆ ብረቱ ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። በመስመሩ ላይ ግን ከጥቂት ደቂቃ በፊት ብረት ቀልጦ ሲፈስ ነበር፤ ብረት ደግሞ 1,538 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካልደረሰ አይቀልጥም። ያንተ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ጣቶች መካከል ነው ያለው።

ብርሃን ክብደት የለውም ማለትህ ልክ ነው፤ ጉልበት ግን ይሸከማል። ቀትር ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው የፀሐይ ብርሃን አንድ ኪሎ ዋት ያህል ነው። 3 ኪሎ ዋት ያለው መቁረጫ ማሽን እንግዲህ በሦስት ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ከሚወርደው ፀሐይ የበለጠ ኃይል የለውም። ልዩነቱ ያን ሁሉ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ነጥብ ላይ መሰብሰቡ ነው፤ ከጤፍ ቅንጣት በብዙ ያነሰች ነጥብ ናት። በዚያች ነጥብ ላይ ብርሃኑ ከቀትር ፀሐይ ከ300 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበረታል። ብረቱ ሙቀቱን ወደ ጎን አካፍሎ ሳይጨርስ ነጥቧ ትቀልጣለች። ከዚያ በአፍንጫው የሚወጣው ጋዝ የቀለጠውን ወደ ታች ጠርጎ ይጥለዋል። ስለዚህ ብርሃኑ አቅላጭ ነው፤ ጠራጊው ጋዙ ነው።

«ይቃጠላል» ያለው ጓደኛህ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው። ተራ ላሜራ በኦክስጅን ስትቆርጡ ብረቱ በእርግጥም ይቃጠላል፤ ቃጠሎው የራሱን ሙቀት እየጨመረ ሌዘሩን ያግዘዋል። አይዝጌ ብረት በናይትሮጅን ስትቆርጡ ግን የሚቃጠል ነገር የለም፤ ጠርዙ ነጭና ንጹሕ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። እኔን የሚያስደስተኝ ክፍል ይህ ነውና ታገሠኝ።

ብርሃን ብረት ውስጥ ዘልቆ አይገባም። ከ20 ናኖ ሜትር ብዙም ሳያልፍ ያልቃል፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70,000 ናኖ ሜትር ያህል መሆኑን አስብ። በዚያች ስስ ቆዳ ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ማነው? አቶሙ በሙሉ አይደለም። ብረት ውስጥ በአቶሞቹ መካከል እንደልባቸው የሚንሸራሸሩ ኤሌክትሮኖች አሉ፤ የብየዳ ገመድህ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውም በእንደነዚህ ዓይነቶቹ ነው። ብርሃን የሚንቀጠቀጥ የኤሌክትሪክ መስክ ስለሆነ መጀመሪያ የሚይዘው እነዚህን ቀላሎቹን ነው። እነርሱ ይሞቃሉ። ከበድ ብለው በየቦታቸው የተቀመጡት የብረት አዮኖች፣ ማለትም እነዚያን ኤሌክትሮኖች የለቀቁት አቶሞች፣ ግን ገና ምንም አልሰሙም።

ሙቀቱ ወደ አዮኖቹ የሚተላለፈው በግጭት ነው፤ ግጭቱ ግን እኩያ ለእኩያ አይደለም። የብረት አቶም ከኤሌክትሮን 100,000 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ይህን በዓይነ ኅሊናህ ለማየት አንዲት የሽምብራ ፍሬ አንሥተህ 30 ኪሎ በሚመዝን የወፍጮ ድንጋይ ላይ ወርውራት፤ የክብደታቸው ልዩነት ልክ ያን ያህል ነው። ሽምብራዋ ነጥራ ትመለሳለች፤ ድንጋዩ አይነቃነቅም። ብዙ ሺህ ሽምብራ ደጋግመህ ብታዘንብበት ግን ጥቂት በጥቂት ይንቀሳቀሳል። ኤሌክትሮኖቹም ሙቀታቸውን ለአዮኖቹ ለማካፈል ጥቂት ፒኮ ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። አንድ ፒኮ ሰከንድ ማለት የሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። ላንተ መቁረጫ ማሽን ይህ መዘግየት ከቁጥር አይገባም፤ ብርሃኑ ሳያቋርጥ ስለሚወርድ ኤሌክትሮኑም አዮኑም አብረው ይሞቃሉ። የብርሃኑ ምት ከፒኮ ሰከንድ ሲያጥር ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። በአንድ ብረት ውስጥ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሙቀት ይኖራል፦ ኤሌክትሮኖቹ አሥር ሺህ ዲግሪና ከዚያ በላይ ደርሰው፣ አዮኖቹ ገና የኮዬ ፈጬን የጠዋት ብርድ ይዘው። ይህን በሁለት ሙቀቶች ቀመር የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1974 በሶቪየት ኅብረት የነበሩት አኒሲሞቭና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ዛሬም የዘርፉ ሰዎች ስሌታቸውን ከዚያ ይጀምራሉ።

ትንሹ ማሽንህ በሁለቱ መካከል ነው። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ብርሃኑን የሚለቁት በምት ነው፤ በሰከንድ 20,000 ምት፣ እያንዳንዱ ምት 100 ናኖ ሰከንድ የሚቆይ ነው እንበል፤ አንድ ናኖ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ብታባዛው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብርሃኑ ብረቱን የሚነካው ለሁለት ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ቀሪው ጊዜ ዕረፍት ነው። በ100 ናኖ ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ሙቀት ወደ ብረቱ የሚጠልቀው አንድ ተኩል ማይክሮ ሜትር ያህል ነው፤ የፀጉርን ውፍረት ሃምሳ ቦታ ብትከፍለው አንዱ ክፋይ ማለት ነው። ያ ስስ ንጣፍ ቀልጦ፣ ፈልቶ፣ ተንኖ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ሙቀት ይዞት የሚሄደውም እርሱ ነው። የማሽኑ አማካይ ኃይል 20 ዋት ከሆነ ከአንድ አነስተኛ አምፖል አይበልጥም። እጅህ የሚያገኘው ቀዝቃዛ ብረት እንግዲህ ከዚህ የመጣ ነው፤ ስስ ላሜራ ላይ አንድ ቦታ ደጋግመህ ብትጽፍበት ግን መሞቁ አይቀርም።

የዚህን ማሽን አንድ ምት ጉልበት አሰላሁት፤ አንድ ሚሊ ጁል ነው። በዚህ ጉልበት አንዲት ሽምብራ ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ማድረግ ትችላለህ፤ ከዚያ በላይ አትችልም። ይህቺው ሚሊ ጁል በ100 ናኖ ሰከንድ ስትለቀቅ ኃይሏ 10 ኪሎ ዋት ይሆናል። አሁን ጊዜውን ሚሊዮን ጊዜ አሳጥረው፤ 100 ፌምቶ ሰከንድ አድርገው። ብርሃን ራሱ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚጓዘው የፀጉርን ውፍረት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሽምብራ የምታነሣው ያቺው ጉልበት በዚያች ቅጽበት ኃይሏ 10,000 ሜጋ ዋት ይሆናል። የታላቁ ሕዳሴ ግድባችን ተርባይኖች በሙሉ ቢሠሩ የሚያመነጩት 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እጥፉ ሊሆን ምንም አልቀረውም! ግድቡ ሌት ተቀን ያለማቋረጥ ያመነጫል፤ ይህቺ ግን ገና ሳትታይ አልቃለች። ለተማሪዎቼ ጉልበትና ኃይል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ዓመታት የደከምኩበት ነገር በዚህ አንድ ምሳሌ ይገባ ነበር።

እንዲህ ያለ ምት መሥራት ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያውን ሌዘር እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1960 ቴዎዶር ሜይማን በካሊፎርኒያ ከቀይ ዕንቊ ዘንግ አበራ። በዚያ ዘመን የሌዘርን ብርታት የሚለኩት በጂሌት ምላጭ ነበር፤ ስንት ምላጭ ደርድረው እንደሚበሳ እየቆጠሩ። ምቱ እያጠረ ሲሄድ ግን ችግር መጣ፦ በጣም የበረታ ብርሃን ራሱ የሚያልፍበትን መስታወት ይሰብራል። መላውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1985 በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ዤራር ሙሩና የዶክትሬት ተማሪው ዶና ስትሪክላንድ ናቸው። በጠባብ በር የማይገባ የጭድ ሸክም ፈትተህ በየእቅፉ አስገብተህ ውስጥ መልሰህ እንደምታስረው፣ ምቱን መጀመሪያ በጊዜ ዘርግተው አሳሱት፤ ከዚያ አበረቱት፤ መጨረሻ ላይ መልሰው አጠበቡት። ለስትሪክላንድ ይህ የመጀመሪያዋ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ፣ ከማሪ ኩሪና ከማሪያ ጎፐርት ማየር ቀጥሎ በፊዚክስ የተሸለመች ሦስተኛዋ ሴት ሆነች። ይህን ዜና በሬዲዮ የሰማሁበትን ቀን አልረሳውም፤ በማግስቱ ክፍል ገብቼ ለሴት ልጆቹ ደግሜ ነገርኳቸው።

በፌምቶ ሰከንድ ምት ብረት ሲመታ ብርሃኑ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ነው ብረቱ የሚነቃው። የጋሉት ኤሌክትሮኖች አዮኖቹን ያነቃንቋቸዋል፤ ማሰሪያው ይላላል፤ ስስዋ ንጣፍ ከመፍያ ነጥቧ እጅግ አልፋ እንደ ፈንዲሻ ከውስጥ ፈንድታ ትወጣለች። በናኖ ሰከንድ ምት ግን የምቱ መጀመሪያ ብረቱን ያተንነዋል፤ መጨረሻው ደግሞ የተነነውን ጉም ያገኘዋል። ጉሙ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ ይበልጥ ይግላል፣ ብረቱንም ይጋርደዋል። ትንሹ ማሽንህ ላይ የምታየው ሰማያዊ ነጭ ነጥብ ይህ ጉም ነው። የሚንጣጣው ድምፅም ጉሙ አየሩን እየገፋ በድንገት ሲስፋፋ የሚወጣ ነው።

«ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል» ያለው ሁለተኛው ጓደኛህ ቃሉን ባያገኘውም ወደ ነገሩ ተጠግቷል። ጉሙ ውስጥ ያሉት አቶሞች ኤሌክትሮኖቻቸው ተነጥለውባቸው አዮን ይሆናሉ፤ አዮንና ነፃ ኤሌክትሮን የተቀላቀሉበት የጋለ ጋዝ ፕላዝማ ይባላል። የብረት አቶም 26 ኤሌክትሮን አለው። ከአንድ ነጠላ የብረት አቶም የመጀመሪያውን ለመንጠል 7.9 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ ጉልበት የሚለካበት መስፈሪያ ነው) ያስፈልጋል፤ የማሽንህ ብርሃን አንዲት ቅንጣት፣ ማለትም አንድ ፎቶን፣ የምትይዘው ግን 1.2 ያህሉን ብቻ ነው። ሰባት ፎቶን ተባብሮ ካልሠራ አንዱ ብቻውን አይነጥልም። ባንተ ማሽን ሥራውን የሚሠሩት የጋሉት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ አቶም እየገጩ ሌላ ኤሌክትሮን ያስወጣሉ፤ የወጣውም ሞቆ ሌላውን ይገጫል። በፌምቶ ሰከንድ ምት ደግሞ የብርሃኑ መስክ ራሱ ኤሌክትሮኑን ከአቶሙ እምብርት፣ ከኒውክሊየሱ ጋር ካሰረው ኃይል ጋር መገዳደር ይጀምራል፤ ግጭት ሳይጠብቅ ይነጥቃል።

ፕላዝማን እንደ እንግዳ ነገር አትየው። በያጅ በነበርክበት ጊዜ ኤሌክትሮድህን ላሜራው ላይ ጭረህ ባነሣህ ቁጥር ፕላዝማ ሠርተሃል፤ በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል የሚያበራው ከ5,000 ዲግሪ በላይ የጋለው አርክ እርሱ ነው። የሚለየው እዚያ ኃይሉ በገመድ መምጣቱ፣ እዚህ በብርሃን መምጣቱ ነው።

ያቺ ሰማያዊ ነጥብ ቋንቋም አላት። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በፕላዝማ ውስጥ የራሱን ቀለማት ብቻ ይረጫል። እ.ኤ.አ. በ2012 ማርስ ላይ ያረፈችው ኪዩሪዮሲቲ ተሽከርካሪ 1,067 ናኖ ሜትር የሆነ፣ ካንተ ማሽን ብርሃን ብዙም የማይለይ ሌዘር ይዛለች። እስከ 7 ሜትር ርቀት ያለን ድንጋይ በምት ትመታና የሚወጣውን ብልጭታ ቀለም ለይታ ድንጋዩ ከምን እንደተሠራ ታውቃለች። በዚሁ መንገድ ቁርጥራጭ ብረትን በዓይነቱ የሚለዩ መሣሪያዎችም አሉ።

መዳብ፦ አሠሪያችሁ ትክክል ናቸው። የማሽናችሁ ብርሃን መዳብን ሲነካ ከመቶው ከ95 በላይ የሚሆነው ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ብረት ግን ሲሶ ያህሉን ይውጣል። የተመለሰው ብርሃን በመጣበት ቃጫ፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ መቁረጫው በሚያደርሰው ቀጭን የመስታወት ክር፣ ተመልሶ ገብቶ የማሽኑን ውስጥ ሊያበላሽ ይችላል። ይህን የሚቋቋሙ ማሽኖች አሉ፤ የእናንተ ከእነዚያ ካልሆነ ክልከላውን አክብሩ።

አሁን ስለ ዓይን። ከደብዳቤህ ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ጥያቄ ነው።

የብየዳ መነጽር አይበቃም! የብየዳ መነጽር የተሠራው ለአርክ ብርሃን ነው። የእናንተ ሌዘር 1,070 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፤ ዓይን ከ700 ናኖ ሜትር ብዙም ያለፈውን አያይም። ስለማይታይ አትጨፍንም። ስለማይታይም የለም ማለት አይደለም፤ የዓይንህ ሌንስ አልፎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ሬቲና በሚባለው የዓይን የኋላ ግድግዳ ላይም አንድ ነጥብ አድርጎ ይሰበስበዋል። ሬቲና ሕመም የሚነግር ነርቭ የለውም። ሰው ዓይኑ መጎዳቱን የሚያውቀው ማንበብ ሲያቅተው ነው። ትልቁ ማሽን ክዳኑ ተዘግቶ ሲሠራ መስኮቱ ራሱ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ክዳኑን ከፍቶ ማሠራትን ማንም ቢያዝህ እንቢ በል። ለትንሹ ክፍት ማሽንና ለእጅ ሌዘር ብየዳ፣ መነጽሩ ላይ የሞገድ ርዝመቱ 1,064 ወይም 1,070ን እንደሚጨምር በቁጥር የተጻፈ መሆን አለበት፤ አጠገቡ የመከላከል ደረጃው ይጻፋል። ደረጃ 6 ማለት ከሚሊዮን አንዱን ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው። ቁጥር ያልተጻፈበትን አረንጓዴ ፕላስቲክ ማንም ቢሸጥልህ አታድርገው። ሁሉም ሠራተኛ ያድርግ፤ ቡና ይዛ የምትገባውም ልጅ ጭምር፣ ከሚያብለጨልጭ ብረት ነጥሮ የሚመጣው ማንንም አይመርጥምና።

ጢሱንም አትናቀው። የተነነው ብረት ሲቀዘቅዝ እጅግ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ዚንክ የተቀባ ላሜራ ከሆነ ደግሞ ማታ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ወተት ጠጡ እየተባላችሁ እንደምትጽናኑ አውቃለሁ። ወተት ሆድ ውስጥ ይገባል እንጂ ሳንባ አያጥብም፤ የሚጠቅማችሁ ጢሱን ከምንጩ የሚስብ ማራገቢያ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። በቀለበቴ ውስጥ የባለቤቴንና የራሴን ስም በሌዘር ላስጽፍ አስቤ ነበር። እናቴ «ወርቁን ይቀንሱብሻል» ብላ ከለከለችኝ። እውነት ይቀንሳል?

ከለገጣፎ

መልስ፦ ይቀንሳል፤ እናትዎ ልክ ናቸው። ከላይ ለወንድማችን እንደጻፍኩት ምቱ ወርቁን አተንኖ ነው ፊደሉን የሚቀርጸው። ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን አብረን እናስላ። አሥር ፊደል፣ የእያንዳንዱ ፊደል መስመር ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ማይክሮ ሜትር ቢሆን፣ ተደምሮ የሚወጣው አንድ አሥረኛ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ነው። ንጹሕ ወርቅ በኪዩቢክ ሚሊ ሜትር 19.3 ሚሊ ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ የሚጎድለው 2 ሚሊ ግራም አይሞላም። ቀለበትዎ 18 ወይም 21 ካራት ከሆነ ከዚያም ያንሳል።

ወርቅ እንደ መዳብ ይህን ብርሃን አብዝቶ ስለሚመልስ የሚያስጽፉበት ማሽን በምት የሚሠራ መሆን አለበት። ብርሃኑ ሲበረታ ግን ወርቅም አይቋቋምም። በካሊፎርኒያ በሚገኘው ትልቁ የሌዘር ቤተ ሙከራ 192 ጨረሮች ውስጡ ወርቅ የተለበጠ ትንሽ በርሜል ውስጥ ገብተው ግድግዳውን ይመታሉ፤ ወርቁ ወደ ፕላዝማ ተለውጦ ኤክስሬይ ያፈልቃል፤ ኤክስሬዩ በመካከል ያለችውን የሃይድሮጅን እንክብል ይጨምቃታል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2022 በዚህ መንገድ 2.05 ሜጋ ጁል የሌዘር ብርሃን አስገብተው ከሃይድሮጅኑ ኒውክሊየሶች ውህደት 3.15 ሜጋ ጁል አገኙ።

ለቀለበትዎ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ስሙ በውስጥ በኩል ይጻፍ፤ በውጭ በኩል ሲሆን ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ እየታሸ ይጠፋል። ከመጻፉ በፊትና በኋላ በፊትዎ ያስመዝኑት። የወርቅ ቤት ሚዛን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው እስከ 0.01 ግራም ነው፤ 2 ሚሊ ግራም የዚያ አምስተኛ ነውና ቁጥሩ ባለበት መቆየት አለበት፤ ቢበዛ በመጨረሻዋ አኃዝ አንድ ዝቅ ቢል ነው። ከዚያ በላይ ከጎደለ ይጠይቁ፤ ሌዘሩ ያን ያህል አይወስድም።